ግዴታው የማን ነው? ድምፅ መስጠትን በሕግ ስለማስገደድ

የዛሬው ርእሳችን በአንድ ጥያቄ ይጠቃለላል። ዕድሜው 18 ዓመት የሞላው ዜጋ ሁሉ በምርጫ ቀን ወጥቶ ድምፅ እንዲሰጥ ሕግ ሊያስገድደው ይገባልን? ጥያቄው በተነሳ ቁጥር ሁለት መልሶች ቀድመው ይመጣሉ። አንደኛው፣ «አገር የጋራ ከሆነ ሸክሙም የጋራ ነው፤ ግብር በግዴታ እንከፍል የለም ወይ? መምረጥም እንደዚያው ይሁን» ይላል። ሁለተኛው፣ «መምረጥ መብቴ ነው፤ በመብቴ አለመጠቀምም መብቴ ነው» ይላል። ሁለቱም እውነት አላቸው፤ ሁለቱም ግን ከነገሩ ግማሹን ትተዋል። ዛሬ የማቀርብላችሁ ሐሳብ ይህ ነው፦ በምርጫ ጉዳይ ግዴታ መኖር አለበት፤ ነገር ግን የመጀመሪያው ግዴታ የሚወድቀው ምርጫውን በሚያሰናዳው መንግሥት ትከሻ ላይ ነው። መንግሥት የራሱን ዕዳ ሳይከፍል ዜጋውን የሚያስገድድ ሕግ ቢያወጣ የሚረዝመው ሰልፉ ብቻ ነው፤ የሕዝቡ ሥልጣን ባለበት ይቀራል። ይህን ለማሳየት ከውጭው ዓለም ልምድ እጀምርና ወደ አገራችን አሃዝ፣ ከዚያም ወደዚሁ ወደ ጅማ፣ ወደ ቡናው አገር እመለሳለሁ።

አስቀድመን አንድ ነገር እንለይ። መምረጥን ግዴታ ያደረጉ አገሮች ዜጋውን «እገሌን ምረጥ» አይሉትም። የሚያስገድዱት ወደ ምርጫ ጣቢያ መጥቶ ስሙን እንዲያስመዘግብና ወረቀቱን ኮሮጆ ውስጥ እንዲከት ነው፤ በምስጢር ክፍሉ ውስጥ የሚያደርገውን የሚያይ የለም። ቤልጅየም ይህን ሕግ ያወጣችው እ.ኤ.አ. በ1893 ነው። አውስትራሊያ በ1924 ተከተለች። እዚያ በ1922 በተደረገው ምርጫ ድምፅ የሰጠው ከተመዘገበው ሕዝብ 60 በመቶ እንኳ አልሞላም ነበር፤ ከሕጉ በኋላ በ1925 በተደረገው ግን ከ91 በመቶ አለፈ። ያለ በቂ ምክንያት የቀረ ሰው የሚቀጣው 20 የአውስትራሊያ ዶላር ነው። ብራዚል ከ18 እስከ 70 ዓመት ላሉ ዜጎቿ ግዴታ አድርጋዋለች፤ ማንበብና መጻፍ ለማይችሉና ከ70 ዓመት በላይ ለሆኑ ግን በፈቃድ ነው። ሳይመርጥ ቀርቶ ምክንያቱን ያላስረዳ ብራዚላዊ ፓስፖርት ለማውጣት ይቸገራል። በተቃራኒው ሆላንድ ለግማሽ ምዕተ ዓመት የቆየውን ግዴታ እ.ኤ.አ. በ1970 ስታነሳ የመራጩ ቁጥር በሚቀጥለው የፓርላማ ምርጫ ከ95 በመቶ አካባቢ ወደ 79 በመቶ ወረደ። ቺሌ በ2012 ምርጫን በፈቃድ አደረገች፤ በ2017ቱ የፕሬዚዳንት ምርጫ የመጀመሪያ ዙር ግማሹ መራጭ እንኳ አልወጣም። በ2022 ለአዲሱ ረቂቅ ሕገ መንግሥት ሕዝበ ውሳኔ ግዴታውን ስትመልስ ደግሞ ከ85 በመቶ በላይ ሕዝብ ወጣ። ስለዚህ «ሕጉ ሰው ያወጣል ወይ?» ለሚለው መልሱ አዎ ነው፤ ያወጣል። በዚህ ላይ ክርክር የለኝም።

ለሕጉ የሚቀርበውን ከሁሉ የበረታ ክርክርም በሚገባው ክብሩ ማቅረብ አለብኝ። አረንድ ላይፕሃርት የተባሉት በሆላንድ የተወለዱ የፖለቲካ ሳይንስ ሊቅ እ.ኤ.አ. በ1996 የአሜሪካ የፖለቲካ ሳይንስ ማኅበር ፕሬዚዳንት ሆነው ባደረጉት ንግግር ያነሱት ነጥብ ይህ ነው፦ ምርጫ በፈቃድ በሆነበት አገር የሚቀረው ሰው በዕጣ የተለየ አይደለም። ድኻው፣ ትምህርት ያልቀመሰው፣ ወጣቱ ከሌላው ይልቅ ይቀራል። ፖለቲከኛ ደግሞ የሚመርጠውን እንጂ የማይመርጠውን አያዳምጥም። እናም ድምፅ የማይሰጥ ድኻ ድኻ ሆኖ ይቀራል፤ ድኻ ሆኖ ስለቀረ ደግሞ ድምፅ አይሰጥም። ይህን ወደ ቡናው አገር ስናመጣው ፍሬ ነገሩ ግልጽ ነው። እሸት ቡና በየገበያ ጣቢያው የሚረከብ ነጋዴ ቅሬታውን ወረዳም ዞንም ሄዶ የሚያሰማበት መንገድ አያጣም፤ የቡና ላኪው ደግሞ አዲስ አበባ ድረስ የሚሰማው አለው። ቡናውን ከዛፍ የምታወርደው ለቃሚ ግን የምርጫ ካርዷ ካልሆነ በቀር ባለሥልጣን የሚፈራው ምንም ነገር በእጇ የለም። እሷ ከኮሮጆው ርቃ ከቀረች ስለ ቀን ሥራ ክፍያ፣ ስለ ጤና ጣቢያ፣ ስለ ገጠር መንገድ የሚቆረቆርላት ተወካይ አይገኝም። የሕጉ ደጋፊዎች «እሷን ለማስገባት ሁሉንም እናስገድድ» ይላሉ። ዓላማው የተቀደሰ ነው። ጥያቄው መድኃኒቱ ለዚህ በሽታ የታዘዘ ነው ወይ የሚለው ነው።

እዚህ ላይ የአገራችን አሃዝ ይናገር። አውስትራሊያንና ቺሌን ሕግ እንዲያወጡ የገፋፋቸው የመራጩ መጥፋት ነበር። የእኛ ታሪክ ግን በዚህ በኩል የተገላቢጦሽ ነው። በደርግ ዘመን፣ በጥር 1979 ዓ.ም. ለሕገ መንግሥቱ ሕዝበ ውሳኔ ድምፅ ለመስጠት ከሚችለው ሕዝብ 96 በመቶው እንደወጣ ተነገረ። በ2002 ዓ.ም. በተደረገው አራተኛው አገር አቀፍ ምርጫ ከተመዘገቡት ወደ 32 ሚሊዮን የሚጠጉ መራጮች 93 በመቶው ድምፅ ሰጠ ተባለ፤ ውጤቱም ከ547 መቀመጫዎች 545ቱ የኢሕአዴግና የአጋሮቹ ሆኑ። በ2007 ዓ.ም. እንደገና 93 በመቶ፤ በዚህ ጊዜ 547ቱም መቀመጫዎች የገዢው ግንባርና የአጋሮቹ ሆኑ። በስድስተኛው ምርጫ፣ ሰኔ 14 ቀን 2013 ዓ.ም.፣ ከ37 ሚሊዮን በላይ ከተመዘገበው ሕዝብ ከ90 በመቶ በላይ ወጣ፤ ውጤታቸው ከተገለጸው 436 መቀመጫዎች 410ሩን ብልጽግና ፓርቲ ወሰደ። ከአገራችን ምርጫዎች ሁሉ መካከል ተቃዋሚዎች ከ170 በላይ መቀመጫ ያገኙበት፣ ክርክሩ በቴሌቪዥንና በራድዮ የጋለበት ምርጫ የግንቦት 1997ቱ ነው፤ የመራጩ ቁጥር ያን ጊዜ ከ80 በመቶ በላይ ቢሆንም ከኋለኞቹ ያነሰ ነበር። ከዚህ የምንማረው ግልጽ ነው። በአገራችን የመራጩ መቶኛ ከፍ ያለው ምርጫው በጠበበበት ጊዜ ነው። እንግዲህ አስገዳጅ ሕግ ሊያመጣልን የሚችለው ትልቁ ስጦታ 90 በመቶ ከሆነ እሱን ያለ ሕግም አግኝተነዋል፤ ያጣነው ሌላ ነው።

«ታዲያ 90 በመቶ ከወጣ ችግሩ የት አለ?» የሚል ካለ መቶኛው የተሰላበትን መነሻ ይመልከት። 90 በመቶ የሚባለው ከተመዘገበው ነው እንጂ መምረጥ ከሚችለው ሕዝብ ሁሉ አይደለም። በአገራችን የመራጮች መዝገብ ቋሚ አይደለም፤ ለየምርጫው ዜጋው እንደገና ወደ ምርጫ ጣቢያ ሄዶ ተመዝግቦ ካርድ መውሰድ አለበት። ለስድስተኛው ምርጫ ብሔራዊ ምርጫ ቦርድ እስከ 50 ሚሊዮን ሰው ሊመዘገብ እንደሚችል ገምቶ ነበር። ምዝገባው ስለቀዘቀዘ ቀኑ ተራዘመ፤ በመጨረሻ የተመዘገበው ግን ከግምቱ ከ10 ሚሊዮን በላይ ያነሰ ነበር። ስለዚህ እውነተኛው ጉድለት በምርጫው ቀን ሳይሆን ከዚያ ከወራት በፊት፣ በምዝገባው ላይ ነው የተፈጠረው። ካርድ የወሰደ ሰው ከሞላ ጎደል ይወጣል፤ የቀረው ካርዱን ያልወሰደው ነው። ድምፅ መስጠትን ብቻ የሚያስገድድ ሕግ ይህን ሰው አይነካውም። ምዝገባንም ካስገደደ ደግሞ ለምን እንዳልተመዘገበ መጠየቅ ግድ ይሆናል። ያን ስንጠይቅ ጣታችን ብዙ ጊዜ የሚያመለክተው ከዜጋው ይልቅ አሠራሩን ነው።

ከእናንተው አካባቢ አንድ ምሳሌ ልውሰድ። የቡና ለቀማ የሚጦፈው ከጥቅምት እስከ ታኅሣሥ ነው፤ በዚያ ወቅት ወደ ሊሙ፣ ወደ ጎማና ወደ ጌራ የሚጎርፈው የቀን ሠራተኛ የዚያው አገር ልጅ ብቻ አይደለም። የምርጫ ሕጋችን፣ ማለትም የ2011 ዓ.ም. አዋጅ ቁጥር 1162፣ አንድ ሰው በምርጫ ክልሉ ለመመዝገብ ቢያንስ ስድስት ወር የኖረበት እንዲሆን ይጠይቃል። በ2013 ዓ.ም. ምዝገባው የተጀመረው በመጋቢት አጋማሽ ነበር። በጥቅምት ማለቂያ ለለቀማ መጥቶ፣ ለቀማው ሲያልቅ ለአረምና ለኩትኳቶ እዚያው የቀረ ሠራተኛ በመጋቢት አምስት ወር እንኳ አልሞላውም። ቢሞላለትና ቢመዘገብ ደግሞ ድምፁን የሚሰጠው በተመዘገበበት ጣቢያ ብቻ ስለሆነ፣ ክረምቱ ሲገባ ማሳውን ለማረስ ወደ ቤቱ የተመለሰ እንደሆነ ካርዱ ኪሱ ውስጥ ይቀራል። ቋሚ ነዋሪውም ቢሆን ሰኔ ላይ ሌላ ችግር አለበት። ወሩ የቡና ችግኝ የሚተከልበት፣ ዝናብ የሚወርድበት ወር ነው፤ በሰጠማና በሲግሞ ደጋ ጭቃውን ረግጦ ምርጫ ጣቢያ መድረስ ለነፍሰ ጡር፣ ለአዛውንትና ለአካል ጉዳተኛ ምን ማለት እንደሆነ ከእናንተ በላይ የሚያውቅ የለም። እነዚህን ሰዎች ሕግ ቢያስገድዳቸው ሕጉ የሚቀጣው ስንፍናቸውን ሳይሆን ኑሯቸውን ነው።

«ሕጉ በቂ ምክንያት ያለውን አይቀጣም» ይባል ይሆናል። የአውስትራሊያ ሕግ ይህን ያደርጋል፤ የቀረ ሰው ደብዳቤ ይደርሰዋል፤ ምክንያቱን ይጽፋል፤ ምክንያቱን ከተቀበሉለት ነገሩ ይዘጋል። ይህ ግን ሦስት ነገሮችን ይጠይቃል፦ የተሟላ የነዋሪዎች መዝገብ፣ ደብዳቤ የሚያደርስ አድራሻ፣ ምክንያቱን ያለ አድልዎ የሚመረምር አካል። በእኛ አገር ሦስተኛው ነጥብ ከሁሉ ይከብዳል። ከተመዘገበው ከ37 ሚሊዮን በላይ ሕዝብ 10 በመቶው እንኳ ቢቀር ከሦስት ሚሊዮን ተኩል በላይ ፋይል ይከፈታል ማለት ነው። ይህን ሁሉ ምርጫ ቦርድም ፍርድ ቤትም አይችለውም። ሥራው ወዴት እንደሚወርድ ሁላችንም እናውቃለን፤ ወደ ቀበሌ፣ ከቀበሌም ወደ ጎጥ ይወርዳል። በኦሮሚያ ጎጥና ጋሬ የሚባሉት የጎረቤት አደረጃጀቶች ሰዎችን ለመቆጣጠር ይውላሉ የሚል ወቀሳ በ1997ቱ ምርጫ ዋዜማ ሂዩማን ራይትስ ዎች ባወጣው ሪፖርት ላይ ቀርቦ ነበር። ይኸው ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2010 ደግሞ ማዳበሪያን ጨምሮ የልማት ድጋፍ ገዢውን ፓርቲ ከመደገፍ ጋር ይያያዛል ብሎ ከሰሰ፤ መንግሥት ክሱን አልተቀበለውም። ክሱን በሙሉ እውነት ነው ብላችሁ እንድትቀበሉ አልጠይቅም። የምጠይቀው አንድ ነገር ነው፦ መታወቂያ የሚሰጠው፣ የድጋፍ ደብዳቤ የሚጽፈው፣ ማዳበሪያ ለማን እንደደረሰ የሚመዘግበው ሰው በእጁ ላይ «ያልመረጡ ሰዎች ዝርዝር» ቢጨመርለት ምን ያደርግበታል? መልካም ሰው ከሆነ ምንም አያደርግበትም። ሕግ የሚወጣው ግን መልካም ያልሆነውም ወንበሩ ላይ እንደሚቀመጥ ታስቦ ነው።

የቅጣቱን ክብደት በተመለከተም ያው ነው። የቅጣቱ ገንዘብ አንድ ዓይነት ከሆነ ለቡና ነጋዴው ከስልክ ካርድ አይበልጥም፤ ለለቃሚዋ ግን የቀን ውሎዋ ነው። ግብፅ ያለ በቂ ምክንያት ለቀረ መራጭ እስከ 500 ፓውንድ ቅጣት በሕግ አስቀምጣለች። እ.ኤ.አ. በ2014 በተደረገው የፕሬዚዳንት ምርጫ መራጩ ሲጠፋ ባለሥልጣናት ይህን ቅጣት እያስታወሱ ሕዝቡን አስፈራሩ፤ የምርጫውንም ጊዜ በአንድ ቀን አራዘሙ። ቅጣቱን በሚሊዮን በሚቆጠር ሕዝብ ላይ መፈጸም ስለማይቻል ሕጉ የቀረው ለማስፈራሪያ ብቻ ነው። ይህ ከአውስትራሊያው በስም አንድ ሆኖ በግብር የተለየ ነው። አስገዳጅ ሕግን ጥሩ ወይም መጥፎ የሚያደርገው የሚሠራበት አገር መሆኑን እነዚህ ሁለቱ በግልጽ ያሳያሉ።

አሁን ወደ ከባዱ ጉዳይ እንግባ፤ እሱም ባለመምረጥ መናገር ነው። በ2013ቱ ምርጫ ሁለቱ ዋና ዋና የኦሮሚያ ተቃዋሚዎች፣ የኦሮሞ ፌዴራሊስት ኮንግረስና የኦሮሞ ነፃነት ግንባር፣ አባሎቻችን ታሰሩ፣ ቢሮዎቻችን ተዘጉ ብለው ሳይወዳደሩ ቀሩ። በኦሮሚያ፣ በጅማ ዞንም ጭምር፣ የእነዚህን ፓርቲዎች ዓላማ የሚደግፍ መራጭ የድምፅ መስጫ ወረቀቱ ላይ የሚፈልገውን ምልክት የሚያገኝበት መንገድ አልነበረም። በዚያው ቀን ጠቅላይ ሚኒስትር ዐቢይ አሕመድ በትውልድ ቀበሌያቸው በበሻሻ፣ ጎማ ወረዳ ድምፃቸውን ሰጥተዋል፤ የብዙ አገር ካሜራም ወደዚያ ዞሮ ነበር። ካሜራ ሰልፍን ያሳያል፤ ወረቀቱ ላይ ማን እንደሌለ ግን አያሳይም። ይህም በታሪካችን አዲስ አይደለም። በ1984ቱ የክልል ምርጫ የኦሮሞ ነፃነት ግንባር ወጣ፤ በ1987ቱ የመጀመሪያ አገር አቀፍ ምርጫ ዋና ዋናዎቹ ተቃዋሚዎች አልተሳተፉም፤ በ2000 ዓ.ም. በአካባቢ ምርጫ ላይ የተወሰኑ ፓርቲዎች አቋርጠው ወጡ። የፓርቲዎቹ ውሳኔ ብልህነት ነበር ወይስ ስሕተት ለየብቻው ሊያከራክር ይችላል። ነገር ግን ደጋፊያቸው ቤቱ መቀመጡ የፖለቲካ ንግግር ነበር፤ አስገዳጅ ሕግ ቢኖር ይህ ንግግር ጥፋት ሆኖ በቅጣት ያስጠይቅ ነበር።

«ካልፈለገ ባዶ ወረቀት ይክተት» የሚል መልስ ይሰጣል። መልሱ በአውስትራሊያ ይሠራ ይሆናል፤ በእኛ ዘንድ ግን ሁለት ጉድለት አለበት። አንደኛ፣ ባዶው ወረቀት ዋጋ ከሌለው ድምፅ ጋር ተደባልቆ ይቆጠራል፤ ተሳስቶ ሁለት ቦታ ጣቱን ያሳረፈው ገበሬና ሆን ብሎ ባዶ የከተተው ተቃዋሚ በአንድ ቁጥር ይጠቃለላሉ። ሁለተኛ፣ ሕገ መንግሥታችን በአንቀጽ 54 አብላጫ ድምፅ ያገኘ እጩ እንዲያሸንፍ ስለደነገገ፣ ሺህ ባዶ ወረቀት ቢገባም አንድ ድምፅ ብልጫ ያገኘው ያሸንፋል። ባዶው ወረቀት ውጤቱን ሳይነካ የመራጩን መቶኛ ብቻ ከፍ ያደርጋል። የመራጭ ብዛት የሕዝብ ድጋፍ ማስረጃ ተደርጎ በሚታይበት አገር ደግሞ ይህ ማለት ተቃዋሚውን የተቃወመው ነገር ምስክር እንዲሆን ማስገደድ ነው።

ሕጉን የሚደግፉ ወገኖች ከሕዝባችን ኑሮ ውስጥ የሚያነሱት ጠንካራ ማስረጃ እድር ነው። «እድር ቀብር የቀረን አባል ይቀጣል፤ ማንም አምባገነን አላለውም፤ አገርስ ከእድር ያንሳል ወይ?» ይላሉ። ክርክሩ ሊናቅ የሚገባው አይደለም፤ በጅማ ሠፈሮች እድሩን ያልተቀላቀለ ሰው ጥቂት ነው፤ ቅጣቱንም ሰው ሳያጉረመርም ይከፍላል። ግን ለምን እንደሚከፍል እንጠይቅ። የእድሩ አባል ደንቡን ስብሰባ ተቀምጦ አጽድቆታል። ዳኛውንና ጸሐፊውን ራሱ መርጧል፤ ካልፈለጋቸው ይሽራቸዋል። ገንዘቡ የት እንደገባ በስብሰባ ላይ ይጠይቃል። ኀዘን ሲደርስበት ድንኳኑ፣ ወንበሩ፣ ብረት ድስቱ እደጁ ይደርሳል። ደንቡ ካስመረረው ደግሞ ወጥቶ ሌላ እድር ይገባል። ቅጣቱ የሚመጣው ይህ ሁሉ ከተሟላ በኋላ ነው። አስገዳጅ ምርጫ የሚሉ ወገኖች ግን የእድሩን ቅጣት ወስደው የእድሩን ሒሳብ ምርመራና የእድሩን ሹም ሽር ትተውታል። እድር በትክክል ከተጠቀሰ የሚደግፈው የእኔን ቅደም ተከተል ነው፤ መጀመሪያ ማኅበሩ ለአባሉ፣ ቀጥሎ አባሉ ለማኅበሩ።

የግብሩ ክርክር ቢሆንም ከዚህ አያልፍም። ግብር ግዴታ የሆነው እያንዳንዱ ባይከፍል መንገዱ ስለማይሠራ ነው፤ የአንዱ ብር ከሌላው ብር ጋር ተደምሮ ሥራ ይሠራል። ድምፅ ግን ሳያስብ የሰጠውም ሆነ አስቦ የሰጠው እኩል ይቆጠራል፤ ቅጣትን ፈርቶ መጥቶ ከወረቀቱ አናት ላይ ያለውን ምልክት የመረጠ ሰው አገሩን ምን እንደጠቀመ መናገር ይከብዳል። ድምፅ ዋጋ የሚኖረው ፍርድ ሲሆን ነው፤ ፍርድ ደግሞ መረጃና አማራጭ ይፈልጋል። ይህን ስል ያልተማረ ሰው አይምረጥ ማለቴ ከቶ አይደለም፤ ስለ ቡና ዋጋና ስለ ቀበሌው አስተዳደር የአንድ የጎማ ገበሬ ፍርድ ከብዙ ምሁር ፍርድ ሊበልጥ ይችላል። የምለው፣ ይህን ፍርድ ከገበሬው የሚያወጣው ቅጣት ሳይሆን ድምፄ ለውጥ ያመጣል ብሎ ማመኑ ነው። በ1997 ሕዝቡ በሌሊት ተነስቶ የተሰለፈው ማንም ሳያስገድደው ነው። ከአንጀት ካለቀሱ እንባ አይገድም ይባላል፤ ምርጫውም ከአንጀት ከሆነ መራጭ አይገድም።

እንግዲህ መንግሥት በመጀመሪያ ሊወጣቸው የሚገቡት ግዴታዎች የትኞቹ ናቸው? ቀዳሚው መዝገብ ነው። ሕገ መንግሥቱ በአንቀጽ 103 የሕዝብ ቆጠራ በየዐሥር ዓመቱ እንዲካሄድ ያዛል፤ የመጨረሻው ቆጠራ የተካሄደው ግን በ1999 ዓ.ም. ነው። በዚያ ቆጠራ የጅማ ዞን ሕዝብ ወደ ሁለት ሚሊዮን ተኩል ገደማ፣ የጅማ ከተማ ሕዝብ ደግሞ ወደ 121 ሺህ ነበር። ከተማዋ ከዚያ ወዲህ ምን ያህል እንደሰፋች የሚያይ ሁሉ ይመሰክራል፤ በዚያ ቁጥር ላይ ተመሥርቶ ማን መምረጥ እንዳለበትና ማን እንደቀረ መናገር አይቻልም። የሕዝቡን ቁጥር ያላወቀ መንግሥት የቀረውን ሰው ሊቀጣ አይችልም። በ2015 ዓ.ም. በወጣው አዋጅ ቁጥር 1284 መሠረት የሚሰጠው የፋይዳ መታወቂያ በጥንቃቄ ከተሠራበት ለቋሚ የመራጮች መዝገብ መነሻ ሊሆን ይችላል፤ ዜጋው 18 ዓመት ሲሞላው ሳይጠይቅ ይመዘገብ፤ ቦታ ሲቀይር መዝገቡ ይከተለው። ያን ጊዜ የሊሙው ለቃሚ ስድስት ወሩን እየቆጠረ ካርድ አይፈልግም። ከዚያ ቀጥሎ የሚመጣው የምርጫው ጊዜና ቦታ ነው፤ ቀኑ ከክረምት ጭቃ፣ ከለቀማም ግርግር የራቀ ወር ላይ ይዋል፤ ጣቢያው ደግሞ ለእግረኛ ይቅረብ። በሰኔ 2013ቱ ምርጫ ሰልፉ ስለረዘመ የድምፅ መስጫው ሰዓት እስከ ምሽቱ ሦስት ሰዓት ድረስ ተራዝሟል፤ ይህ የሕዝቡን ትዕግሥት የሚያሳይ ቢሆንም አሰናጁ ያልጨረሰው ሥራ እንደነበረም ያሳያል።

ከዚህ ሁሉ የሚበልጠው ግን የአካባቢ ምርጫ ነው። ገበሬው በየቀኑ የሚጋፈጠው ፓርላማውን አይደለም። የመሬት ይዞታ ማረጋገጫው፣ የገጠር መንገዱ፣ የቡና ገበያ ጣቢያው ቦታ፣ የውኃ ጉድጓዱ የሚወሰነው በወረዳና በቀበሌ ነው። የወረዳና የቀበሌ ምክር ቤቶች ምርጫ የተካሄደው በሚያዝያ 2005 ዓ.ም. ነበር፤ በ2010 መደረግ የነበረበት ተራዘመ፤ የ2013ቱም ምርጫ የወረዳና የቀበሌ ምክር ቤቶችን አላካተተም። በ2006 ዓ.ም. 18 ዓመት የሞላው የአጋሮ ወጣት በ2013 ሃያ አምስት ዓመቱ ነበር፤ እስከዚያ ድረስ የራሱን ቀበሌ ምክር ቤት መርጦ አያውቅም። ይህን ወጣት «ግዴታህን አልተወጣህም» የሚለው ማን ነው? ለእርሱ ምርጫውን በጊዜው ያላደረሰለት አካል አስቀድሞ ዕዳውን ይክፈል። በመጨረሻም አማራጩ መኖር አለበት፤ ተቃዋሚ እጩ በሰቃም በሶኮሩም ሳይፈራ ስብሰባ የሚጠራበት፣ ታዛቢው ከጣቢያው የማይባረርበት፣ በየጣቢያው በር ላይ የሚለጠፈው ውጤት ከመጨረሻው ድምር ጋር ማንም ሊያመሳክረው የሚችልበት ሁኔታ መኖር አለበት። እነዚህ የማይደረስባቸው ሕልሞች አይደሉም፤ አብዛኞቹ በሕጋችን ላይ ተጽፈው ያሉ ናቸው።

«ታዲያ እነዚህ እስኪሟሉ ድረስ ዜጋው እጁን አጣጥፎ ይቀመጥ ማለትህ ነው?» የሚል ጥያቄ ይነሳ ይሆናል። አይደለም። ሕግ የማይጥለው የኅሊና ግዴታ አለ፤ እሱን የሃይማኖት አባቶች፣ ሽማግሌዎች፣ መምህራን፣ የኅብረት ሥራ ማኅበራት ሁሉ ሊያስተምሩት ይገባል። ገበሬው በቡና ማኅበሩ ጠቅላላ ጉባኤ ላይ የትርፍ ክፍፍሉን የሚጠይቅ ከሆነ ወረዳውንም በጀቱን ሊጠይቅ ይችላል፤ ልምዱ አንድ ነው። በተጨማሪም ሕገ መንግሥቱ በአንቀጽ 12 ሕዝብ በተወካዩ ላይ እምነት ባጣ ጊዜ ከቦታው ሊያነሳው እንደሚችል ደንግጓል። ይህን መብት ሥራ ላይ ለማዋል መነሳት ከማንኛውም አስገዳጅ ሕግ በላይ ተወካዩን ወደ መራጩ ያቀርበዋል። የኅሊና ግዴታ ከሕግ ግዴታ የሚለየው ዜጋው እንዲያስብ እንጂ እንዲፈራ ስለማያደርገው ነው።

ስለዚህ አስገዳጅ ምርጫን ለዘለዓለም አልቃወምም፤ ለመስማማት ያለኝን መለኪያ ግን በግልጽ ላስቀምጥ። ቋሚና ሙሉ የመራጮች መዝገብ በተዘጋጀ ጊዜ፣ የወረዳና የቀበሌ ምርጫ ቢያንስ ሁለት ጊዜ ተከታትሎ በወቅቱ በተካሄደ ጊዜ፣ በአብዛኛው የምርጫ ክልል ከአንድ በላይ ጠንካራ እጩ በነፃነት በተወዳደረ ጊዜ፣ ባዶ ድምፅ ተለይቶ ተቆጥሮ በተገለጸ ጊዜ፣ ቅጣቱንም ቀበሌ ሳይሆን ገለልተኛ አካል በሚወስንበት ጊዜ፤ ያን ጊዜ የሚቀረው ሰው በእርግጥ ቸልተኛ ነው፤ እንደ አውስትራሊያው አነስተኛ ቅጣት ቢጣልበት አልከራከርም። ምናልባትም ያን ጊዜ ቅጣቱ የሚያስፈልገው ሰው እናጣ ይሆናል። እስከዚያ ድረስ ግን ከምርጫ ጣቢያ ማን ቀረ ብለን በምንጽፈው ዝርዝር የመጀመሪያ መስመር ላይ የመንግሥት ተቋማት ስም ይቅደም፤ የዜጋው ስም ከዚያ በኋላ ይምጣ። በሚቀጥለው ምርጫ እጩ ሆኖ ወደ ከተማችሁ የሚመጣ ሰው ሁሉ «የቀበሌያችን ምርጫ መቼ ነው?» የሚለውን ጥያቄ ከእናንተ ይስማ፤ መልስ ሳይሰጥም አይሂድ።